ክሪሚኖሎጂ ለመማር ላሰባችሁ፦ ከሥራው ተነሥታችሁ ወደ ትምህርቱ ሂዱ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዲሲ በሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ልጅ «ክሪሚኖሎጂ ልማር ነው» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ፖሊስ ልትሆን ነው እንዴ?» የሚል ነው። ነርስነት፣ ፋርማሲና ኮምፒውተር መድረሻቸው ይታወቃል፤ ይህኛው ግን ወላጅን ያሰጋል። ልጁም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዘርፉን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ድራማ ነው። ወላጁም ልጁም የትምህርቱን ግማሽ እንኳ አላዩትም።

ይህ መመሪያ በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ተማሪዎች፣ ሙያ መቀየር ለሚፈልጉ ጎልማሶችና ለወላጆች የተዘጋጀ ነው። በሌላ ስቴት ያላችሁም የኮሌጆቹን ስም በየአካባቢያችሁ ባሉት ተክታችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው ምክር አንድ ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሥራ ለዩ፤ ከዚያ ያ ሥራ የሚጠይቀውን እያያችሁ እስከ መጀመሪያው ዓመት የኮርስ ምርጫ ድረስ ወደ ኋላ ተመለሱ። የነርሲንግ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ፈተናውን ሲያልፍ ፈቃድና የሚታወቅ የሥራ መደብ ያገኛል። ክሪሚኖሎጂ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። አንድ ዓይነት ዲግሪ የያዙ ሁለት ተመራቂዎች አንዱ በሙያው ተቀጥሮ፣ ሌላው ከሙያው ውጭ ሲቀር የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከዲግሪው ጋር አብሮ የተያዘው ነገር ነው።

1. ትምህርቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዕወቁ

በአገራችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረጋል። የአውጫጭኝ ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። ዛሬም መርማሪ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ክሪሚኖሎጂ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ወንጀሉ በዚህ ሰፈር ለምን በዛ? ለምን በዚህ ዕድሜ? ቅጣት ሲከብድ ወንጀል ይቀንሳል ወይ? ከእስር ከወጡት ሰዎች አንዱ ተመልሶ ሲገባ ሌላው የማይመለሰው ለምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው በማስረጃ ነው። በ1972 እና በ1973 በካንሳስ ሲቲ ፖሊስ አንድ ትልቅ ሙከራ አደረገ። በአንዳንድ ቀጣናዎች የተለመደው የፖሊስ መኪና ቅኝት ቆመ፤ በአንዳንዶቹ እንደ ነበረ ቀጠለ፤ በሌሎቹ ደግሞ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በመጨረሻ ሲታይ በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ1989 ሎረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የሚኒያፖሊስ ጥናት ደግሞ ፖሊስ ከሚጠራባቸው ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚመጡት ከከተማዋ አድራሻዎች ከ3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ትምህርታቸው ግልጽ ነው። ፖሊስን በየመንገዱ መበተን ብዙ ለውጥ ላያመጣ ይችላል፤ በጥቂት ቦታዎች ላይ ማተኮር ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ወንጀል የሚበዛባቸውን ቦታዎች በካርታ ለይተው የሚሠሩት ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ተነሥተው ነው።

ሌላ ምሳሌ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ላብና ባልደረባው ሮበርት ሳምፕሰን በቦስተን ልጅ ሳሉ ወደ ማረሚያ የገቡ 500 ወንዶችን የቆየ መዝገብ አንሥተው ሕይወታቸውን ተከታተሉ። ጠንካራ ትዳር የመሠረቱና ቋሚ ሥራ ያገኙ ብዙዎች ከወንጀል እንደ ወጡ አሳዩ። ይህ ግኝት በእስረኛ መልሶ ማቋቋም ለሚሠራ ሁሉ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው፤ ሰውየው ከእስር ሲወጣ ሥራና ቤተሰብ ከጠበቁት የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ዘርፉ ለእናንተ መሆን አለመሆኑን ለመፈተን አንድ መልመጃ እነሆ። በዲሲ በ2023 የተገደሉ ሰዎች 274 ነበሩ፤ ከ1997 ወዲህ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። በ2024 ቁጥሩ ወደ 187 ወረደ። ለምን? አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚህ አንብቡ፤ የፖሊስን፣ የዐቃቤ ሕግን፣ የሰፈር ድርጅቶችንና የተመራማሪዎችን ማብራሪያ አነጻጽሩ። ሁሉም የተለያየ መልስ ሲሰጡ ማን በምን ማስረጃ እንደሚናገር ለማወቅ ከጓጓችሁ ትምህርቱ ይስማማችኋል። ከሰለቻችሁ ግን ገና ሳትከፍሉ ዐወቃችሁት ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታቸውን ነገሮችም እዚህ ላይ ለዩ። የደም፣ የዲኤንኤና የመርዝ ምርመራ በላቦራቶሪ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ትምህርታችሁ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ፎረንሲክ ሳይንስ ነው፤ የክሪሚኖሎጂ ዲግሪ ላቦራቶሪ አያስገባም። ጠበቃ መሆን ከፈለጋችሁ በየትኛውም ትምህርት ባችለር ከያዛችሁ በኋላ የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ይጠብቃችኋል፤ ክሪሚኖሎጂ ጥሩ መሠረት ይሆናል እንጂ ግዴታ አይደለም። «ክሪሚናል ጀስቲስ» የሚባለው ደግሞ ይበልጥ በተቋማቱ፣ ማለትም በፖሊስ፣ በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት አሠራር ላይ ያተኩራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ዲፓርትመንት ያስተምራሉ።

2. የሥራውን በር ምረጡ

ከዚህ ትምህርት የሚያስወጡትን መንገዶች በስድስት መክፈል ይቻላል።

*ፖሊስና ምርመራ።* የካውንቲና የከተማ ፖሊስ፣ የስቴት ፖሊስ፣ እንዲሁም እንደ ኤፍቢአይ ያሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እዚህ ይገባሉ። የኤፍቢአይ ልዩ ወኪል ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት፣ የባችለር ዲግሪ፣ ቢያንስ 23 ዓመት ዕድሜና የሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ 37 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ መግባት በመደበኛው አይቻልም። ኤፍቢአይ የክሪሚኖሎጂ ተመራቂን ብቻ አይፈልግም። ሒሳብ ዐዋቂ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ጠበቃና ቋንቋ ዐዋቂም ይፈልጋል። ስለዚህ ዓላማችሁ ይህ ከሆነ ሁለተኛ ሙያ ጨምሩበት።

*የፍርድ ቤት ክትትል።* ፕሮቤሽን ማለት ፍርድ ቤት ሰውየውን ከማሰር ይልቅ በቁጥጥር ሥር ሆኖ በውጭ እንዲኖር ሲፈቅድለት ነው። ፓሮል በአገራችን አመክሮ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በዲሲ ይህን ክትትል የሚሠራው፣ በ1997 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲኤስኦኤስኤ የሚባለው የፌዴራል ድርጅት ነው። የክትትል ኦፊሰር ቀኑን የሚያሳልፈው ሰዎችን በማነጋገር፣ ቤትና ሥራ በማፈላለግ፣ ለዳኛ ሪፖርት በመጻፍ ነው። ሰው የሚወድና መጻፍ የሚችል ተማሪ በዚህ ሥራ ይዋጣለታል።

*ተጎጂዎችን መርዳት።* በፖሊስ ጣቢያ፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ በሆስፒታልና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተጎጂዎች ድጋፍ ባለሙያዎች ይሠራሉ። የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባትን ሴት የጥበቃ ትእዛዝ እንድታወጣ ይረዳሉ፤ ፍርድ ቤት አብረዋት ይሄዳሉ። ዩ ቪዛ እና ቲ ቪዛ የሚባሉትንም ማወቅ አለባቸው። ሁለቱም በ2000 በወጣ ሕግ የተፈጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ተጎድቶ ከሕግ አስከባሪ ጋር ለተባበረ ስደተኛ፣ ሁለተኛው ለሰዎች ዝውውር ሰለባ የሚሰጥ ነው።

*የወንጀል ትንተና።* የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች መሣሪያ የማይታጠቁ ተንታኞች ይቀጥራሉ። ሥራቸው ሪፖርቶችን ማገናኘት፣ በካርታ ላይ ማስቀመጥና አዝማሚያውን ለአዛዦች ማቅረብ ነው። ቁጥር የማይፈራ ተማሪ ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባ በር ይህ ነው።

*ባንክና የገንዘብ ወንጀል።* ይህ መንገድ በማኅበረሰባችን ብዙም አይታወቅም፤ ነገር ግን ሰፊ ነው። በ1970 በወጣው የባንክ ምስጢር ሕግና ከዚያ ወዲህ በተጨመሩት ደንቦች መሠረት ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነን የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ ለመንግሥት ያስታውቃሉ፤ አጠራጣሪ የሆነውንም ለይተው ሪፖርት ያደርጋሉ። ይህን የሚሠሩ ተንታኞች በየባንኩ አሉ። አሁን ባንክ በመስኮት የምትሠሩ ወገኖች ወደዚህ ክፍል ለመዛወር ከማንም ትቀርባላችሁ። ሲኤፍኢ እና ካምስ የሚባሉት የሙያ የምስክር ወረቀቶች ዲግሪውን ያጠናክሩታል። የዕቁብ ገንዘብ የደረሰው ሰው በአንድ ቀን ብዙ ጥሬ ገንዘብ ሲያስገባ ምን እየሆነ እንዳለ የሚረዳ ተንታኝ ሐቀኛውን ከአጭበርባሪው የመለየት ብቃቱ ከሌላው ይበልጣል።

*ጥናትና ፖሊሲ።* የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩትና እንደ ኧርባን ኢንስቲትዩት ያሉ የጥናት ተቋማት ሁሉም በዲሲ ናቸው። እዚህ ለመሥራት ብዙውን ጊዜ ማስተርስ፣ ለማስተማር ደግሞ ዶክትሬት ያስፈልጋል።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የፌዴራል ሥራዎችን በዩኤስኤጆብስ፣ የአካባቢውን በየካውንቲው ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ከመረጣችሁት በር ዐሥር ማስታወቂያዎችን አንብቡ። ደጋግሞ የሚመጣውን መስፈርት ጻፉ። ያ ዝርዝር የአራት ዓመት ዕቅዳችሁ ነው።

3. ትምህርት ቤቱን ምረጡ

ለብዙዎቻችን አዋጪው መንገድ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነው። አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ፣ ባችለር 120 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ግማሹን በርካሽ ማጠናቀቅ ይቻላል ማለት ነው።

በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሶች አሉት። ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር የትብብር ፕሮግራም አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የክሪሚኖሎጂና ክሪሚናል ጀስቲስ ዲፓርትመንት በአገሪቱ ትልቅ ስም ካላቸው አንዱ ነው። ዲግሪውን በኮሌጅ ፓርክ ብቻ ሳይሆን በሮክቪል በሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ማዕከልም ይሰጣል፤ ይህ ሥራ ውሎ ለሚማር ትልቅ ዕፎይታ ነው።

በቨርጂኒያ ኖቫ የሚባለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለው። በጆርጅ ሜሰን የክሪሚኖሎጂ፣ የሕግና የማኅበረሰብ ዲፓርትመንት አለ፤ በ2010 የስቶክሆልም የክሪሚኖሎጂ ሽልማትን ያገኘው ዴቪድ ዋይዝበርድ የሚሠራውም እዚያ ነው። በዲሲ ደግሞ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ያስተምራሉ።

ከመመዝገባችሁ በፊት አማካሪውን አራት ነገር ጠይቁ።

- የምወስደው እያንዳንዱ ኮርስ ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ በምን ኮርስ ስም ይተላለፋል? በሜሪላንድ አርትሲስ የሚባለው የኮርስ ማነጻጸሪያ ይህን ያሳያል። ሳይጠይቁ ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎች ሲዛወሩ ክሬዲታቸው ተራ ማሟያ ሆኖ ይቀራል።
- ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ግዴታ ናቸው? ግዴታ ካልሆኑ ፕሮግራሙ ደካማ ነው።
- ኢንተርንሺፕ በክሬዲት ይያዛል? ያለፉት ተማሪዎች የት የት ሠሩ?
- ተመራቂዎቹ ዛሬ የት ናቸው?

በአገር ቤት ዲግሪ ያላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ትምህርታችሁን እውቅና ባለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ አስገምግሙ፤ ባችለራችሁ ተቀባይነት ካገኘ በቀጥታ ለማስተርስ ማመልከት ትችላላችሁ። በአገር ቤት ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ የነበራችሁ ደግሞ ልምዳችሁን በማመልከቻው ላይ በዝርዝር ጻፉ፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

4. ክፍያውን አስቀድማችሁ አስሉ

በየዓመቱ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። ለቀጣዩ የትምህርት ዓመት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር 1 ይከፈታል። ዜጎች ብቻ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ያላቸውም ማመልከት ይችላሉ፤ በዲቪ የመጣችሁ በዚህ ውስጥ ናችሁ። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ይህን አታገኙም፤ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ስኮላርሺፕ ፈልጉ።

የስቴት ነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በመደበኛው የ12 ወር ነዋሪነት ማሳየት ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድና የታክስ ወረቀታችሁን ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ማኅደር አኑሩ። የዲሲ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ የሚያግዛቸው ዲሲ ታግ የሚባል ድጋፍ አለ፤ ጠይቁ።

በብድር ላይ ተጠንቀቁ። ይህ ዘርፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቅ ደመወዝ የሚከፍል አይደለም። በሙያው መግቢያ ላይ የምታገኙትን ደመወዝ ከማስታወቂያዎቹ ላይ አይታችሁ፣ ለትምህርቱ በጠቅላላ የምትበደሩት ከአንድ ዓመት ደመወዝ እንዳይበልጥ ጣሩ።

5. ከዲግሪው ጎን ክህሎት ያዙ

*ቁጥር።* ኤክሴልን በደንብ ቻሉ፤ ከዚያ መረጃ ለመተንተን የሚያገለግሉትን ኤስኪውኤልና አር፣ እንዲሁም ካርታ የሚሠራውን አርክጂአይኤስ ተማሩ። ለመለማመጃ የሚሆን መረጃ በነፃ አለ። ኦፕን ዳታ ዲሲ እና የሞንጎመሪ ካውንቲ የመረጃ ድረ ገጽ የወንጀል መዝገቦችን ለሕዝብ ያወጣሉ። በሰፈራችሁ የአንድ ዓመት የመኪና ስርቆት በካርታ ላይ አስቀምጡ፤ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው መንገድ እንደሚበዛ በሁለት ገጽ ጻፉ። ይህን የሠራ ተማሪ ለተንታኝነት ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር አለው።

ቁጥር ስታነቡ ግን ገደቡንም ዕወቁ። ከ1973 ጀምሮ የሚካሄደው ብሔራዊ የተጎጂዎች ጥናት ደጋግሞ እንዳሳየው በአሜሪካ ከሚፈጸሙ የኃይል ጥቃቶች ለፖሊስ የሚነገረው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ «ወንጀል ቀነሰ» ሲባል «የተነገረው ነው ወይስ የተፈጸመው?» ብላችሁ መጠየቅ ልማድ ይሁንባችሁ።

*ጽሕፈት።* በየትኛውም በር ብትገቡ ሥራው መጻፍ ነው። የፖሊስ ሪፖርት፣ የክትትል ኦፊሰር ምክረ ሐሳብ፣ የባንክ ተንታኝ ማስታወሻ ሁሉም ዳኛ ወይም አለቃ የሚወስንባቸው ጽሑፎች ናቸው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ የኮሌጁን የጽሕፈት ማዕከል በየሳምንቱ ጎብኙ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው።

*ውጤት።* በፌዴራል ቅጥር ባችለር የያዘ ሰው በመደበኛው በደረጃ 5 ይጀምራል፤ አማካይ ውጤቱ 3.0 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግን ለብዙ መደቦች በደረጃ 7 ሊጀምር ይችላል። በዓመት የብዙ ሺህ ዶላር ልዩነት አለው። ሥራ እየሠራችሁ የምትማሩ ከሆነ በአንድ ሴሚስተር አምስት ኮርስ ወስዶ ውጤት ከማበላሸት ሦስት ወስዶ በደንብ ማለፍ ይሻላል።

6. አማርኛችሁን ወደ ሙያ ቀይሩት

በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያና በመጠለያ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ይፈለጋል።

ቤት ውስጥ የሚነገር አማርኛ ግን አይበቃም። «ዋስትና»፣ «ክስ»፣ «ይግባኝ»፣ «ምስክር»፣ «የጥበቃ ትእዛዝ»፣ «ሰበር» የሚሉትን በሁለቱም ቋንቋ በትክክል ማወቅ አለባችሁ። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ እዚህ የተወለዳችሁ ፊደሉን አሁኑኑ ተማሩ። ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ለሚችልም ዕድሉ ሰፊ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ከትምህርት ጎን በክፍያ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ስቴቶቹ ሥልጠናና ፈተና አላቸው። ከዚህም በላይ ተማሪው ችሎት ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ እንዴት እንደሚሠሩ በቅርብ ያይበታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። የተጎጂን ምስጢር ለአንድ ዘመድ እንኳ ያወጣ አስተርጓሚ ወይም ረዳት ሙያውን ያጣል፤ ሌላዋ ተጎጂም ሁለተኛ ወደ እርዳታ አትመጣም።

7. ከመመረቃችሁ በፊት ሥራውን ቅመሱ

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። በዲሲ የሞልትሪ ፍርድ ቤት ገብታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ክስ ሲሰማ ተከታተሉ። ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ነዋሪ ከፖሊስ ጋር በመኪና ሆኖ አንድ ፈረቃ እንዲያይ ይፈቅዳሉ፤ ጠይቁ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ኢንተርንሺፕ ፈልጉ። የዲሲ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች አገልግሎት የባችለር ተማሪዎችን እንደ መርማሪ ያሠራል፤ ምስክር ያነጋግራሉ፤ ቦታ ያያሉ፤ ማስረጃ ይሰበስባሉ። በየካውንቲው የዐቃቤ ሕግ ቢሮዎችና የተጎጂ ድጋፍ ድርጅቶችም ተማሪ ይቀበላሉ። በዲሲ ፖሊስ የሚሰጠው የካዴት ፕሮግራም ደግሞ ወጣቶችን እየከፈለ ያሠራል፤ የኮሌጅ ትምህርታቸውንም ይረዳል። ቢቻል ሁለት ኢንተርንሺፕ በተቃራኒ ወገን ሥሩ፤ አንዱን በከሳሽ፣ ሌላውን በተከላካይ። ፍትሕን ከአንድ ወገን ብቻ ያየ ባለሙያ ግማሽ ዐዋቂ ነው።

8. የጀርባ ታሪካችሁን ከዛሬ ጀምሮ ጠብቁ

በዚህ ዘርፍ ከውጤት በላይ ሰውን የሚጥለው የጀርባ ማጣራት ነው። ለደህንነት ፈቃድ የሚሞላው ቅጽ የዐሥር ዓመት አድራሻና ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ የኖራችሁበትን አድራሻ፣ የአሠሪዎቻችሁን ስም፣ ወደ ውጭ የሄዳችሁበትን ቀን በአንድ ደብተር መዝግቡ።

- ማሪዋና በዲሲ ከ2015፣ በቨርጂኒያ ከ2021፣ በሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ተፈቅዷል። በፌዴራል ሕግ ግን አልተፈቀደም፤ የፌዴራል ቀጣሪዎች ይጠይቁበታል። ፖሊስ ወይም ኤፍቢአይ የምትመኙ አትንኩት።
- ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣትና ያልተሞላ ታክስ ይታያሉ። አስተካክሉ።
- ወንዶች በሰሌክቲቭ ሰርቪስ መመዝገባችሁን አረጋግጡ፤ ግሪን ካርድ ያለውንም ይመለከታል። ያለ እሱ የፌዴራል ሥራ በር ሊዘጋ ይችላል።
- በኢትዮጵያ ወላጅና ወንድም እህት መኖሩ በራሱ አያስጥልም። መደበቁ ግን ያስጥላል። ገንዘብ መላካችሁን፣ ጉዟችሁንና ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ስትጠየቁ በግልጽ ተናገሩ።
- ዜግነት ለማግኘት ስትደርሱ አትዘግዩ። የፌዴራል መደቦች በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ፤ የስቴትና የካውንቲ መስፈርት ግን ይለያያል፤ በባንክና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሥራ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

9. አንድ በር ብቻ አታንኳኩ

የፌዴራል ቅጥር ከአስተዳደር ወደ አስተዳደር ይለዋወጣል። በጃንዋሪ 2025 ለብሔራዊና ለሕዝብ ደህንነት ሥራዎች ልዩ ፈቃድ ቢተውም አጠቃላይ የቅጥር እገዳ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ስታመለክቱ ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ላኩ፦ አንዱ ፌዴራል፣ አንዱ ካውንቲ ወይም ስቴት፣ አንዱ ባንክ ወይም በጎ አድራጎት። የመንግሥት ቅጥር ከማመልከቻ እስከ ጥሪ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከመመረቃችሁ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ለወላጆች አንድ ቃል

ልጃችሁ ይህን ትምህርት ከመረጠ «ምን ሊያበላህ?» ከማለታችሁ በፊት ከላይ ከተዘረዘሩት በሮች የትኛውን እንዳሰበ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አብራችሁ ማስታወቂያዎቹን አንብቡ። መልስ ካለው ደግፉት። በዚህ ከተማ በየቀኑ በችሎት ፊት ቆሞ የሚባለውን የማይረዳ ወገን አለ። ተደብድባ ፖሊስ መጥራት የምትፈራ እህት አለች። ከእስር ወጥቶ የሚቀበለው ያጣ ወጣት አለ። ተዘርፎ ሳያመለክት የቀረ ሾፌርም አለ። እነዚህን ሰዎች ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ዐውቆ፣ ሕጉንም ተምሮ የሚቆምላቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ፤ ዐሥር የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ፣ አንድ ቀን ችሎት ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ተመዝገቡ።